የተመስጦ ዜማና ቅርንጫፎቹ፦ ከጎዋ እስከ ጋይንት

ዜማ የሰውን ልብ ነጥቆ ራሱን ያስረሳዋል ሲባል ለኢትዮጵያውያን አዲስ ወሬ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ከንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፤ ንጉሡ የተደገፉት ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደሙ ሲፈስ፤ አዜሚውም ሰሚውም እንዳልተሰማቸው ትውፊት ይተርካል። ይህ ታሪክ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል። አባቶቻችን ይህን ሁኔታ «ተመስጦ» ብለው ሰይመውታል። ቃሉ ከግዕዙ «መሰጠ» ማለት ነጠቀ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፤ ሰው በአንድ ኃይል ተነጥቆ ራሱን መርሳቱን ያመለክታል።

በውጭው ዓለም ደግሞ «ትራንስ» የሚባል የሙዚቃ ዐይነት አለ። የቃሉ ፍች ከተመስጦ ብዙ አይርቅም። ይህ ሙዚቃ ባለፉት ዐርባ ዓመታት ውስጥ ተወልዶ፤ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ፤ ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹ ደርቀው እንደገና ሲያቆጠቁጡ ታይቷል። አንባቢ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ዜማ እንዴት ቅርንጫፍ ያወጣል? ቅርንጫፉስ ስለምን ይደርቃል? ከደረቀ በኋላ መልሶ የሚያለመልመው ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከተን ነው። በተለይም የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሆኑትን ጋይንትን፤ ስማዳንና እስቴን ይመለከታል። ምክንያቱም የኢትዮጵያ የዜማ ቅርንጫፎች ተለይተው ከታወቁባቸው አገሮች ዋናው ይህ ነውና።

ዳንኪራን ከማኅሌት ጋር እኩል ለማድረግ እንዳልተነሣን ከወዲሁ መናገር ይገባል። አንዱ ለሥጋ ደስታ ሌላው ለጸሎት የቆመ ነው። ዳሩ ግን የሩቁን ማየት የቅርቡን ለመመርመር ስለሚረዳ፤ በመጀመሪያ ወደ ሩቁ አገር እንሻገር።

በቴፕ ላይ የተወለደ ዜማ

ጎዋ በሕንድ አገር ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ ያለች፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1961 በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር የቆየች ትንሽ ግዛት ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ፤ የአገራቸው ኑሮ የሰለቻቸው ጠጉረ ረጃጅም የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች በጎዋ የባሕር ዳር እየሰፈሩ ሌሊቱን በሙዚቃ ያሳልፉ ጀመር። በ1980ዎቹ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሙዚቃ ሲስፋፋ፤ ከጊታሩ ይልቅ መኪና የሚመታው ከበሮ ቦታውን ያዘ። በዚህ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ «ጎዋ ጊል» የተባለው የካሊፎርኒያ ተወላጅ ሲሆን፤ እርሱም በ2023 አርፏል።

የሙዚቃው አሠራር ቀላል ይመስላል። ከበሮው በደቂቃ 140 ወይም 150 ጊዜ ያህል ሳያቋርጥ ይመታል። በላዩ ላይ አጫጭር የዜማ ሐረጎች እየተደራረቡ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፤ ሰዓታት ይቆያል። ሰሚው መጀመሪያውንና መጨረሻውን መለየት ሲያቅተው ያን ጊዜ ተመስጦው ይመጣል። «ሳይኬዴሊክ» የሚለው ቅጥያ ስሙ አእምሮን ከሚያናውጡ ዕፆች ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፤ ዕፁ በወጣቱ ላይ ያደረሰው ጉዳትም የሚካድ አይደለም።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመን ግን ሌላ ነው። በጎዋ ሙቀትና አቧራ ሸክላው እየተጣመመ ስላስቸገረ፤ ሙዚቃ አጫዋቾቹ ሥራቸውን በቴፕ ቀድተው ይዘው ይዞሩ ነበር። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ ከመጀመሪያው በቴፕ ላይ የተወለደ ነው። ቴፑ ወደ እንግሊዝ፤ ወደ እስራኤልና ወደ ስካንዲናቪያ አገሮች ሲሻገር በየደረሰበት መልኩን ለወጠ። አንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ «ፕሮግሬሲቭ» አለው። ሌላው ጉልበቱን ጨምሮ «ፉል ኦን» አለው። ሌላው አጨለመውና «ዳርክ» ብሎ ሰየመው። ፊንላንዶች ደግሞ የቀልድ ጠባይ ያለው የራሳቸውን ስልት አወጡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እናትዬው የጎዋ ስልት ከገበያ ልትወጣ ተቃረበች።

ከዚያ በኋላ ነው ትንሣኤው የመጣው። በ2004 በቤልጅግ አገር «ሳንትሪፕ» የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ተቋቋመና፤ የጎዋን ስልት የሚከተሉ አዳዲስ ሥራዎችን ያወጣ ጀመር። ሌሎችም አሮጌ ቴፖችን እየፈለጉ አጣርተው አሳተሙ። የጎዋን አሸዋ ረግጠው የማያውቁ ወጣቶች አሮጌውን ቴፕ እየሰሙ በዚያው ስልት አዲስ ሙዚቃ ደረሱ። እንዲህ በቀላሉ የተቻለው ስለምን ነው ቢባል፤ በቴፕ የተወለደ ነገር በቴፕ መነሣት ስለሚችል ነው። መምህር አላስፈለገውም፤ መሣሪያውና ቴፑ በቂ ነበሩ።

በአገራችን የታዩ ሁለት ዐይነት ትንሣኤዎች

በአገራችንም ተኝቶ የነበረ ሙዚቃ ሲነሣ አይተናል። የአዲስ አበባ የ1960ዎቹ ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ተቀድቶ የቀረ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» በሚል ርእስ በተከታታይ ያሳትመው ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ የዓለም ጆሮ ወደ አዲስ አበባ ዘወር አለ። ይህ የሸክላ ትንሣኤ ነው። ዛሬም እንደ ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ወጣቶች የአገራችንን የሙዚቃ ድምፅ ከኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር እያዋሐዱ የራሳቸውን ስልት ሲያወጡ፤ የሚነሡት በአብዛኛው ከተቀዳ ድምፅ ነው።

የበገና ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋርጦ፤ ድምፁም ከሬዲዮ ርቆ ነበር። እንደገና የተስፋፋው ቴፕ ስለ ተገኘ ብቻ ሳይሆን፤ እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ሙያውን በልባቸውና በጣታቸው ይዘው ስለ ቆዩ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣት ወንዶችና ሴቶች በገና ሲማሩ የሚታየው፤ ከእንዲህ ዐይነቶቹ መምህራን እግር ሥር የተቀመጡ ደቀ መዛሙርት ስለ ነበሩ ነው። ይህ የመምህር ትንሣኤ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዐይነት ትንሣኤ አለ ማለት ነው። ከሸክላ የሚነሣና ከመምህር የሚነሣ። የጋይንትና የእስቴ ዜማ ከየትኛው ወገን ነው?

ቃሉ አንድ፤ ድምፁ ብዙ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ግዕዝ፤ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች እንደሚዜም የታወቀ ነው። መጻሕፍቱም ድጓ፤ ጾመ ድጓ፤ ምዕራፍ፤ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። በአንድ በዓል ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያደመጠ ሰው የተመስጦውን አሠራር በዐይኑ ያያል። መዝሙሩ በመጀመሪያ በቁም ዜማ፤ ያለ መሣሪያ፤ ረጋ ብሎ ይባላል። ቀጥሎ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ በዝማሜ ይሉታል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ ንኡስ መረግድ፤ ቀጥሎም ዐቢይ መረግድ ይሆናል። በመጨረሻ በጭብጨባ ጽፋት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ያው አንዱ ቃል አምስት ጊዜ ያህል መልኩን እየለወጠ ከእርጋታ ወደ ፍጥነት ሲወጣ፤ ሽማግሌው ድካሙን፤ ወጣቱም እንቅልፉን ይረሳል። የጎዋ አጫዋቾች በኤሌክትሪክ የደረሱበትን የመደራረብና የማፋጠን ብልሃት የእኛ ሊቃውንት በመቋሚያና በከበሮ ብቻ፤ ያውም በጾም፤ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ይህ ዜማ እንደ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። በድጓ በኩል ቤተልሔም፤ ቆማ፤ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ ስልቶች አሉ። በአቋቋም በኩል የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት፤ እንደዚሁም የተክሌ አቋቋም ይጠቀሳሉ። የሚዘመረው የግዕዝ ቃል አንድ ነው። የሚለያየው ድምፁ የሚወጣበትና የሚወርድበት፤ የሚረግጥበትና የሚንቀጠቀጥበት መንገድ ነው። ያላወቀ ሰው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ያወቀ ግን እንደ ሰው አነጋገር ከየት አገር እንደ መጣ ወዲያው ይለየዋል።

ከእነዚህ መካከል ቤተልሔም በጋይንት ውስጥ የምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቆማ ደግሞ ስሙን ያገኘው በእስቴ ምድር ካለው ከቆማ ፋሲለደስ ነው። ከዚህም በቀር ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆኖ የኖረው በዚያው በጋይንት ነው። በየአገሩ ያለ የዜማ ተማሪ ድጓን በቤተልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አባ፤ ቅዳሴን በደብረ ዓባይ ወይም በሰለልኩላ፤ አቋቋምን በጎንደር በአታ ያስመሰክራል። በጠቅላላ ኢትዮጵያ ከታወቁት ዋና ዋና የማስመስከሪያ ቦታዎች ሁለቱ በጋይንት መገኘታቸውን ልብ ይሏል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ወጣቱ ቶማስ ፓከንሃም በበቅሎ ተጉዞ ቤተልሔም ሲደርስ፤ ክብ በሆነው የሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ማየቱን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። የሕንፃ ሊቃውንት በዚህ ተደነቁ። የአገሩ ሰው ግን ቤተልሔምን የሚያውቃት በድንጋይዋ ሳይሆን በድጓዋ ነው።

ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም

የዜማው ታሪክ ራሱ የጥፋትና የትንሣኤ ታሪክ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፤ ማለት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። ከጥፋቱ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ሆነው ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ጥፋት ያየ ትውልድ በቃል ብቻ መተማመን እንደማይበቃ ተረድቶ በጽሑፍ መያዝ ጀመረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የሠሩት ምልክት እንደ ፈረንጅ ኖታ አይደለም። ይዘት፤ ደረት፤ ርክርክ፤ ድፋት፤ ጭረት፤ ቅናት፤ ሂደት፤ ቁርጥ የተባሉት፤ በኋላም ድርስና አንብር የተጨመሩት፤ ድምፁ የሚያዝበትን፤ የሚጎተትበትንና የሚቆረጥበትን ያሳያሉ። ከእነዚህ ሌላ ከ500 በላይ የሆኑ የፊደል ምልክቶች አሉ። እነዚህም በቃሉ ራስ ላይ በትንንሹ የሚጻፉ አንድ፤ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ፊደሎች ናቸው። ፊደሎቹ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ከሌላ ሐረግ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ የሚለው «ይህን ቃል እንደዚያኛው ቃል አዚመው» ነው። ያንኛውን የማያውቅ ሰው ምልክቱን ቢያይ የሚያገኘው ነገር የለም።

በዚህም ምልክቱ መምህርን የሚተካ ሳይሆን የመምህርን ቃል የሚያስታውስ ሆነ። ምልክቱ የሚናገረው ለሰማ ብቻ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 በርናር ቬላ ምዕራፍን በፓሪስ አሳትሟል። ካይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ የዜማውን ምርምር ከተቀዳ ድምፅ ጋር አቅርበዋል። የእነዚህ ሊቃውንት ሥራ ምልክቱ በአንድ ቀን ተፈጥሮ የቆመ ሳይሆን በየዘመኑ እየዳበረ የሄደ መሆኑን ያመለክታል። ዜማው በሕይወት ያለ ነገር ስለ ሆነ ያድጋል። የሚያድገውም መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲማማሩ ነው።

ቤተልሔም ሲበረታ ቆማ ስለምን ሳሳ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የዜማ ቅርንጫፍ የሚደርቀው በጠላት ብቻ አይደለም። በወንድሙ ብርታትም ይደርቃል።

ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስለ ሆነ፤ በየደብሩ መሪጌታ ሆኖ ለመሾም የሚፈልግ ተማሪ እዚያ ሄዶ ማስመስከር ይመኛል። አስመስክሮ ሲመለስ በተሾመበት ደብር ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው የቤተልሔምን ዜማ ነው። የእርሱም ተማሪዎች መልሰው ወደ ቤተልሔም ይሄዳሉ። እንዲህ እየሆነ የቤተልሔም ዜማ ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ አገር ሰፋ። ይህ የሥርዓቱ ብርታት ነው። ተማሪው ከየትም ቢመጣ የሚመዘንበት ሚዛን አንድ መሆኑ ዜማው እንዳይበላሽ ጠብቆታል።

በሌላ በኩል ግን ማኅሌት የኅብረት ሥራ ነው። ሃያ ሊቃውንት በቤተልሔም ሲያዜሙ አንዱ ብቻውን በቆማ ቢያዜም ማኅሌቱን ያውካል። ስለዚህ የቆማን ዜማ የሚያውቀው ሰው ከአገሩ ሲወጣ የራሱን ትቶ ብዙኃኑን ይከተላል። ልጁን ወይም ደቀ መዝሙሩን ሲያስተምርም «ሹመት የሚያስገኝልህ ያኛው ነው» ማለቱ አይቀርም። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም አልጠላውም፤ ዳሩ ግን ቅርንጫፉ ይሳሳል። ዛሬ የቤተልሔሙ በመላ አገሪቱ ሲሰማ፤ ሌሎቹ ስልቶች በጥቂት ቦታ ተወስነው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጎዋው ታሪክ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። የጎዋ ስልት በአዳዲሶቹ ስልቶች ተሸንፎ ቢተኛ ቴፑ ስላለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተነሣ። ቆማ ግን መምህሩ ካለቀ በምን ይነሣል? በብራና ላይ ያለው ምልክት ሰምቶ ላላወቀ ሰው አይናገርም ብለናል።

ስልኩ ይበቃል የሚሉ አሉ

አንዳንድ ሰዎች «አሁን ሁሉም ሰው በኪሱ የድምፅ መቅጃ ይዟል፤ ማኅሌቱ ሁሉ ተቀድቶ በኢንተርኔት ይሰራጫል፤ ምን ያሰጋል?» ይላሉ። ይህ አባባል እውነትነት አለው። የድሮ ተማሪ አንድ ዜማ ለመስማት ስንት ቀን ይጓዝ ነበር። የዛሬው ተማሪ በጎጆው ተኝቶ የታወቀ መምህር ድምፅ ደጋግሞ ያደምጣል። በውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅም በዚሁ መንገድ ከዜማው ጋር ይተዋወቃል። ይህን ጥቅም መናቅ አይገባም።

ነገር ግን ቅጂ አያርምም። ተማሪው በጆሮው የሰማውን ይዞ ሲያዜም ቢሳሳት፤ ስልኩ «ተመለስ» አይለውም። የድጓ ትምህርት ዋናው ነገር ደግሞ እርማቱ ነው። ተማሪው ይቀጽላል፤ የኔታ ያደምጣሉ፤ ሲስት ያቆሙታል፤ ደግሞ ይላል። ይህ አንድ ቀን ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ይደጋገማል። በመጨረሻም በማስመስከሪያው ቦታ ድጓው ከነምልክቱ ይመረመራል። እንግዲህ የዜማው ዋስትና ጆሮ ጆሮን የሚመዝንበት ቦታ መኖሩ ነው። ያለ እርማት ከቅጂ ብቻ የሚማር ትውልድ ከዜማው የሚመስል ነገር ያወጣል፤ ዜማውን ግን ላያወጣ ይችላል። የጎዋን ስልት መልሰው ያነሡት ወጣቶች የሚመስል ነገር ቢያወጡ ማንም አይከስሳቸውም፤ እንዲያውም አዲስ ፈጠራ ይባልላቸዋል። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን መምሰል አይበቃም።

ቁራሹና መንገዱ

ጉባኤ ቤት የሚቆመው በመምህሩ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ቁራሽም ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኮፋዳውን አንግቶ፤ ዱላውን ይዞ፤ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚመጸውተው ያው የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ነው። ይህ አገር ደግሞ ከጉና ተራራ ብርድ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እስከሚወርደው ቆላ ድረስ መሬቱ የተጎዳ፤ ዝናቡም የማያስተማምን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ዕርዳታ በአገራችን ሲጀመርም ላይ ጋይንት፤ ታች ጋይንትና ስማዳ ከዚያው ውስጥ ገብተዋል።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ በነዋሪው ላይ ከባድ ግፍ ተፈጽሟል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ሲዘጋ፤ ገበያውን ሲበትን፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሲያስተጓጉል ከርሟል። ከጎጃም፤ ከወሎ ወይም ከሸዋ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቤተልሔም የሚሄድ ተማሪ የሚያስፈልገው ሰላማዊ መንገድና የጠገበ መንደር ነው። ሁለቱ ሲጎድሉ ማንም ሳያውጅ ጉባኤው ይበተናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢዘጋ ስንት ተማሪ ከትምህርት እንደ ቀረ ይቈጠራል። ጉባኤ ቤት ቢበተን ግን የሚቈጥረው አይገኝም።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሹም ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዕርዳታ እህል የሚታደለው በአገሩ ነዋሪነት በታወቀ ቤተሰብ ስም ነው። የቆሎ ተማሪ ግን በዚያ ቀበሌ ቤተሰብ የለውም፤ ከሌላ አገር የመጣ ብቸኛ ነው። ስለዚህ በክፉ ዘመን ገበሬው ከመዝገብ የሚያገኘውን ለልጆቹ ያበላል፤ ተማሪው ግን በመዝገብ ያልገባ የገበሬው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በክፋት የተደረገ አይደለም፤ መዝገቡ ሲዘጋጅ ይህን ዐይነት ሰው ያሰበ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጥምቀት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በጃንሜዳና በጎንደር የሚሰማው ዜማ የተገኘው ግን ከጋይንትና ከመሰሎቹ ጉባኤ ቤቶች ነው። ምንጩ ደርቆ ወንዙ ሊፈስ አይችልም።

በመጀመሪያ ደረጃ፤ ጉባኤ ቤቶቹ በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ ትምህርት ቤት ሆነው ይቈጠሩ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። መምህሩ ማን ናቸው? ስንት ተማሪ አላቸው? ከየት መጡ? ምን ይበላሉ? የሚለውን ጽፎ መያዝ የአንድ ወጣት ሠራተኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የተቈጠረ ነገር በችግር ጊዜ ይታወሳል።

ሁለተኛ፤ የቆማና የሌሎቹ የሳሱ ስልቶች ቅጂ መምህራኑ በሕይወት ሳሉ ይሠራ። ይህ ቅጂ በዓል በመጣ ጊዜ እንዲሁ ከሩቅ የሚቀረጽ አይሁን። መምህሩ አንድ ተማሪ ሲያርሙ፤ ስሕተቱና እርማቱ አብሮ የሚሰማበት፤ የቤተልሔሙና የቆማው አንድ ቃል ጎን ለጎን የሚቀመጥበት መሆን አለበት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በደጁ ያለ ጉዳይ ነው፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሊቁን ስም የተሸከመ ስለ ሆነ ድርሻ አለው። በሁለቱ የሚማሩ ወጣቶች ለመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ሲፈልጉ ከዚህ የበለጠ የት ያገኛሉ?

ሦስተኛው ነገር የሊቃውንቱ የራሳቸው ሥራ ነው። ማስመስከሪያው አንድ ሚዛን መሆኑ መልካም ነው ብለናል። ሆኖም ቆማን የሚያውቅ ሰው ስለ ማወቁ የሚከበርበት፤ ዕውቀቱ ለሹመት የሚረዳበት መንገድ ቢበጅ፤ ተማሪው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልገውም። ድሮም ታላላቆቹ ሊቃውንት ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላው እየዞሩ ብዙ ይማሩ ነበር እንጂ በአንድ ብቻ አይወሰኑም ነበር።

አንዳንድ ሹማምንት «አንድ አገር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፤ አንድ ዜማ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ሊሉ ይችላሉ። ለሥራ መቃለል ሁሉን አንድ ማድረግ የመሥሪያ ቤት ጠባይ ነው። ነገር ግን የጎዋው ታሪክ እንዳሳየን፤ በአንድ ዘመን ያረጀ የመሰለው ስልት በሌላው ዘመን ለአዲሱ ትውልድ መነሻ ይሆናል። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ጌራና ራጉኤል ሥራቸውን የጀመሩት ከጥፋቱ የተረፈ ዜማ በሰው አፍ ላይ ስላገኙ ነው። ምንም ባይተርፍ ኖሮ ምልክቱን በምን ላይ ያኖሩት ነበር?

ስለዚህ የዚህ ዘመን ተማሪና ሹም ስልኩን ከፍቶ የቤተልሔምን ዜማ ሲያደምጥ፤ ያ ድምፅ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። ከተቻለውም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጋይንት ይዝለቅ፤ ወደ እስቴም ጎራ ይበል። እዚያ የተቀመጡት መምህራን የሚያስፈልጋቸው ውዳሴ ሳይሆን የሚያርሙት ተማሪ፤ ለተማሪውም ቁራሽ ነው። ይህ ከተገኘ ዜማው ከሸክላ መነሣት አያስፈልገውም፤ አልሞተምና።